የውጭ ኤም.ቢ.ኤ. መጥቷል፤ መምህሩስ?

በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ ከሚሰቀሉ የትምህርት ማስታወቂያዎች መካከል «ከውጭ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር» የሚለውን ያህል ገዢ የሚስብ ሐረግ የለም። የባንክ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጁ፣ የአስመጪው ልጅ፣ የመሥሪያ ቤት ኃላፊው ከሥራ ሰዓት በኋላ ደብተሩን ይዞ ወደ ማታ ትምህርት ይሮጣል። ክፍያው ቀላል አይደለም። ይሁንና አንድ ኮንቴይነር ጨርቅ ለመግዛት ናሙናውን በጣቱ አሽቶ፣ የተሠራበትን አገር ጠይቆ፣ ደረሰኙን አገላብጦ የሚወስነው የመርካቶ ነጋዴ ልጁን ለኤም.ቢ.ኤ. ሲያስመዘግብ ከዲፕሎማው ማኅተም ሌላ የሚጠይቀው ነገር የለም።

ጥያቄው ግን ያው የገበያ ጥያቄ ነው። የውጭው ትምህርት ቤት ከአገር ውስጡ ጋር ሲሻረክ ያዋጣው ምንድን ነው? ስሙን ብቻ ነው ወይስ ሙያውንም? ውሉ አልቆ ሲሄድስ እዚህ የሚቀረው ምንድን ነው? የመሸጫ ወኪል መሆንና ፋብሪካ መትከል አንድ አይደሉም። ወኪል ዕቃው እስከመጣለት ድረስ ይሸጣል፤ ላኪው ፊቱን ያዞረ ዕለት መደርደሪያው ባዶ ይቀራል። ከሥራ አመራር ትምህርት ሽርክናዎችም አንዳንዶቹ የወኪልነት፣ ጥቂቶቹ ደግሞ የፋብሪካ ተከላ ዓይነት ናቸው።

የአህመዳባድ ነጋዴዎች ምን አደረጉ?

ከፋብሪካ ተከላው ወገን በምሳሌነት ቀድሞ የሚነሳው የህንዱ ነው። አህመዳባድ የጥጥና የጨርቃ ጨርቅ ከተማ ነበረች። የከተማዋ ባለሀብቶች ከአባት ወደ ልጅ በሚተላለፍ ንግድ የከበሩ፣ ለብር ጥንቃቄ የሚያደርጉ ሰዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1961 የህንድ የሥራ አመራር ኢንስቲትዩት በዚያች ከተማ ሲቋቋም ገንዘብና ድጋፍ ካደረጉት መካከል እነዚሁ ባለፋብሪካዎች ይገኙበታል። ካስቱርባይ ላልባይ የጨርቃ ጨርቅ ባለሀብት ነበሩ። ቪክራም ሳራባይ ደግሞ ከባለፋብሪካ ቤተሰብ የተወለዱ የፊዚክስ ሊቅ ሲሆኑ፣ የህንድን የጠፈር ምርምር የጀመሩትም እሳቸው ናቸው። የማዕከላዊው መንግሥትና የጉጅራት ክፍለ ግዛት አስተዳደርም በምሥረታው ተካፋይ ሆኑ። የውጭው ሸሪክ የሃርቫርድ ቢዝነስ ትምህርት ቤት ሲሆን፣ የፎርድ ፋውንዴሽን ደግሞ በገንዘብ ረዳ። በዚያው ዓመት የተከፈተው የካልካታው እህት ተቋም ከኤም.አይ.ቲ. ጋር ተሻረከ።

ቁም ነገሩ ያለው በስምምነቱ ይዘት ላይ ነው። ሃርቫርድ በአህመዳባድ የራሱን ዲግሪ አልሸጠም። ወጣት የህንድ መምህራን ወደ ቦስተን ተልከው እዚያ እንዴት እንደሚስተማር፣ ኬዝ እንዴት እንደሚጻፍ ተምረው ተመለሱ። ኬዝ ማለት በአንድ ድርጅት ላይ በእርግጥ የደረሰ ችግር ከነቁጥሩ፣ ከነደብዳቤው፣ ከነጭቅጭቁ ተጽፎ ለተማሪ የሚቀርብበት ጽሑፍ ነው። ተማሪው ማታ አንብቦት ያድራል፤ ጠዋት መምህሩ «አንተ ሥራ አስኪያጁ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?» ብሎ ያፋጥጠዋል። መልሱ በመጽሐፍ ጀርባ ላይ አይገኝም።

ከሃርቫርድ የተመለሱት መምህራን የአሜሪካን ኬዝ እየደገሙ አልተቀመጡም። በህንድ ድርጅቶች ላይ መጻፍ ጀመሩ። የኢንስቲትዩቱ የኬዝ ክምችት ዛሬ በሺዎች ይቆጠራል። ለእርሻ ሥራ አመራር ገና በማለዳው ራሱን የቻለ ክፍል ማቋቋማቸውም ሳይጠቀስ አይታለፍም፤ ከሃርቫርድ ቢገለበጥ ኖሮ አይገኝም ነበር። አብዛኛው ሕዝቡ ገበሬ በሆነበት አገር ስለ መኪና ፋብሪካ ብቻ ተምሮ የሚወጣ ሥራ አስኪያጅ የትኛውን ገበያ ሊያውቅ ይችላል?

የሁለት ዓመቱ ትምህርት የመጀመሪያ ተማሪዎቹን የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። በማግሥቱ ዓመት ራቪ ማታይ በ38 ዓመታቸው የመጀመሪያው የሙሉ ጊዜ ዳይሬክተር ሆኑ። እኒህ ሰው 7 ዓመት ከመሩ በኋላ ማንም ሳይገፋቸው ወንበሩን ለቀው፣ በዚያው ግቢ ተራ መምህር ሆነው ቀጠሉ። (የዚህ ዓይነቱ ነገር በእኛ አገር መሥሪያ ቤቶች ቢሞከር ሰውየው ታመመ ወይም ተጣላ ይባል ነበር።) የሃርቫርድ ሰዎች ሥራቸውን ጨርሰው ከሄዱ ብዙ አሥርት ዓመታት ቢያልፉም ትምህርት ቤቱ አልተናጋም። ዛሬ ለእነዚህ ኢንስቲትዩቶች የጋራ መግቢያ ፈተና በየዓመቱ ከ200 ሺህ በላይ ህንዳውያን ይቀመጣሉ።

ተማሪው ሲያስተምር

ከአህመዳባድ ጋር የሚመሳሰል ታሪክ በስፔንም አለ። በባርሴሎና እ.ኤ.አ. በ1958 የተመሠረተው ኢየሴ የተባለው ትምህርት ቤት እንዲሁ ሃርቫርድን አማካሪ አድርጎ ተነሳ። በ1963 የሁለቱ የጋራ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ በቀጣዩ ዓመት የሁለት ዓመት ኤም.ቢ.ኤ. ተጀመረ። እስከዚህ ድረስ የተለመደ ነው። የሚገርመው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ኢየሴ ራሱን ሲችል በተራው ለሌሎች ረዳት ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1991 የተከፈተው የሌጎስ ቢዝነስ ትምህርት ቤትና በ2005 ናይሮቢ ላይ የተከፈተው የስትራትሞር ቢዝነስ ትምህርት ቤት ሁለቱም ከባርሴሎናው ጋር ተጠግተው ያደጉ ናቸው። በዚሁ በ2005 የአፍሪካ ቢዝነስ ትምህርት ቤቶች ማኅበርም ተመሥርቷል። ናይሮቢ ከአዲስ አበባ የሁለት ሰዓት በረራ ነው፤ ዕውቀቱን ፍለጋ ቦስተን ድረስ መሄድ የግድ አይደለም ማለት ነው።

ቻይናም በበኩሏ እ.ኤ.አ. በ1994 ከአውሮፓ ኮሚሽን ጋር ተዋውላ በሻንጋይ የቻይናና የአውሮፓ ዓለም አቀፍ ቢዝነስ ትምህርት ቤትን ከፈተች። ፋይናንሺያል ታይምስ በ2019 ባወጣው የዓለም የኤም.ቢ.ኤ. ደረጃ 5ኛ ሆኖ ተመድቧል። አሁን አክራ ላይ ቅጥር ግቢ አለው። ትናንት ከአውሮፓ መምህር የተቀበለ አገር ዛሬ ጋና ላይ ያስተምራል።

በእኛ በኩል

የንግድ ትምህርት ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። ኮሜርስ እየተባለ የሚጠራው ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1943 ሲከፈት የአህመዳባዱ ኢንስቲትዩት ገና አልታሰበም። የባንክና የሂሳብ ሥራውን ትውልድ በትውልድ ሲያንቀሳቅሱ የኖሩት የዚያ ግቢ ልጆች ናቸው። ስለዚህ ችግሩ ዘግይቶ መጀመር ነው የሚለው ሰበብ አያስኬድም።

የውጭ ትብብርም አልጠፋም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የብሪታንያው ኦፕን ዩኒቨርሲቲ ለመንግሥት ባለሥልጣናት በርቀት ኤም.ቢ.ኤ. ሲሰጥ ነበር። ከተመረቁት አንዱ በ1995 ዲግሪያቸውን የያዙት ሟቹ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ናቸው። ከዚያም የህንዱ ኢንድራ ጋንዲ ብሔራዊ ክፍት ዩኒቨርሲቲ ከቅድስት ማርያም ጋር ተሻርኮ ብዙ የከተማ ሠራተኛ በርቀት አስተማረ። እነዚህን መናቅ ውለታ ቢስነት ነው። ከቢሮው ሳይነሳ፣ ቤተሰቡን ሳይበትን፣ ቪዛ ሳይለምን የተማረ ሰው ቁጥሩ ቀላል አይደለም። ሆኖም የርቀት ትምህርት በባህሪው ተማሪ እንጂ መምህር አያፈራም። ሞጁሉ የሚጻፈው እዚያ ነው፤ ፈተናው የሚወጣው እዚያ ነው፤ ምሳሌው የለንደን ሱፐርማርኬት ወይም የዴልሂ ፋብሪካ ነው። የአዲስ አበባው ሸሪክ መዝጋቢና ፈታኝ ይሆናል።

ምሳሌው የሌላ አገር ሲሆን ምን እንደሚጎድል ለማየት ከቡና የተሻለ ማስረጃ አይገኝም። ለብዙ ዓመታት በአገራችን ቡናን ከገዛበት ዋጋ በታች ወደ ውጭ የሚሸጥ ላኪ ነበር። የውጭውን መጽሐፍ ያነበበ ተመራቂ ይህንን ሲያይ «ሰውየው ሒሳብ አያውቅም» ይላል። ሰውየው ግን ከማንም በላይ ሒሳብ ያውቃል። የሚፈልገው ዶላሩን ነው። በኪሳራ በተሸጠው ቡና የተገኘውን የውጭ ምንዛሪ ይዞ ብረት ወይም መለዋወጫ ያስመጣል፤ በቡናው የከሰረውን በብረቱ አትርፎ ይተካል። የምንዛሪ እጥረቱ ራሱ ሸቀጥ ሆኖ ነበርና። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የዚህ ንግድ መሠረት ተናጋ። ማን ከሰረ? ማን ቀድሞ አሽትቶ ወጣ? ከስንት ወር በፊት? ይህ ለአንድ ሳምንት ክርክር የሚበቃ ኬዝ ነው። ጽፎ ያስቀመጠው ቢኖር ተማሪው በሸቀጥና በምንዛሪ መካከል ያለውን ግንኙነት ከየትኛውም የውጭ መጽሐፍ በላይ ይረዳው ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2008 የምርት ገበያው ሲከፈት ከቡና አቅራቢው እስከ ላኪው ድረስ ያለው የደላላ ሰንሰለት እንዴት እንደተበጣጠሰና እንደገና እንደተቀጠለም እንዲሁ ነው። የመርካቶ ዱቤ፣ ቀኑ ሳይደርስ የሚሰጥ ቼክ፣ ዕቁብን እንደ ማስፋፊያ ብድር መጠቀም፣ አክሲዮን ሸጠው ሕንጻ ሳይጀምሩ የቀሩ ማኅበራት፣ ሁሉም የሚታወቀው በወሬ ነው።

መዝገቡን ማን ይክፈት?

እዚህ ላይ ጥፋቱን ሁሉ ለትምህርት ቤቶች መስጠት አይቻልም። መምህሩ ኬዝ ልጻፍ ብሎ ቢነሳ የድርጅቱን ደጅ አልፎ አይገባም። ባለንብረቱ «ምን ፈልገህ ነው? ከገቢዎች ነህ?» ይለዋል። አንዱ መዝገብ ለግብር፣ አንዱ ለባንክ፣ እውነተኛው በባለቤቱ ጭንቅላት ውስጥ በሚሆንበት ቤት ኬዝ አይጻፍም። ነጋዴው የሚሰጠው ምክንያት አለው፤ ግምቱ ያስፈራዋል፣ ተፎካካሪው ያስፈራዋል። አንዳንዱም «እኔ ያለ ትምህርት ቤት ነው የከበርኩት» ይላል፤ እውነቱን ነው። ግን ያ ያልተጻፈ ሙያ ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል። አባት የገነባውን ድርጅት ልጆች በሁለት ዓመት ሲካፈሉና ሲበትኑ ያላየ የገበያ ሰው አይገኝም።

አሁን ግን ምስጢር መያዝ ራሱ እየተወደደ መጥቷል። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ወጋገን ባንክ ነበር። በዚህ ገበያ አክሲዮኑን የሚያስመዘግብ ኩባንያ በኦዲተር የተመረመረ ሒሳቡን ለሕዝብ ያቀርባል፤ ያተረፈውንም የከሰረውንም ይናገራል። ለደላላውና ለባለሀብቱ ይህ የመወሰኛ መረጃ ነው። ለመምህሩ ደግሞ ማንንም ሳይለማመጥ የሚያገኘው የኬዝ ጥሬ ዕቃ ነው። የአገር ውስጥ ትምህርት ቤቶች ይህንን ሰነድ አንስተው ካልሠሩበት ከእንግዲህ ወዲህ ሰበብ አይኖራቸውም።

ጊዜውም አይጠብቅም። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. የተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው የባንክ ሥራ አዋጅ ለውጭ ባንኮች በር ከፍቷል። የሚመጡት ካፒታል ብቻ ይዘው አይደለም፤ በናይሮቢም በሌጎስም የሠለጠነ ሥራ አስኪያጅ ይዘው ነው። ያ ሥራ አስኪያጅ ስለ አፍሪካ ገበያ የተማረው ከአፍሪካ በተጻፈ ኬዝ ነው። ከእሱ ጋር የሚወዳደረው የአዲስ አበባ ባንክ ባልደረባ ስለ ለንደን ሱፐርማርኬት በተጻፈ ሞጁል ተመርቆ ይጠብቀዋል።

ስለዚህ ከእንግዲህ የሚፈረመው የትብብር ውል አንቀጾቹ ቢለወጡ ይበጃል። ለውጭው ሸሪክ የሚከፈለው ዶላር በተመዘገበ ተማሪ ቁጥር መሆኑ ቀርቶ፣ ወስዶ ባሠለጠነው የአገር ውስጥ መምህርና ከእነዚያ መምህራን ጋር በጻፈው የኢትዮጵያ ኬዝ ቁጥር ቢሆን የውጭውም ሰው ሥራውን ያውቃል። የዲግሪው ስምም ከአምስት ወይም ከስድስት ዓመት በኋላ ወደ አገር ውስጡ ትምህርት ቤት እንዲዞር በውሉ ሊገባ ይችላል። ወጪውን የሚችል ከተፈለገም ሩቅ መሄድ አያሻም። በየዓመቱ ለሠራተኞቻቸው የማታ ትምህርት የሚከፍሉት ባንኮችና ኢንሹራንሶች ናቸው፤ ከዚያው በጀት ከፍለው ጥቂት መምህራን ወደ አህመዳባድ ወይም ወደ ናይሮቢ ቢልኩ አዲስ ወጪ አይሆንባቸውም። የአህመዳባድ ባለፋብሪካዎች ያደረጉት ከዚህ ብዙም የተለየ አልነበረም። ገንዘቡን ሰጡ፤ ከቦርዱ ወንበር ያዙ፤ ከዚያም የፋብሪካቸውን በር ለመምህራኑ ከፈቱ። ከሦስቱ የመጨረሻው አንድ ሳንቲም አያስወጣም፤ በእኛ ገበያ ግን ለመስጠት የሚከብደው እሱ ነው።