ለእያንዳንዱ ሰፈር አንድ መናፈሻ

እኛ የአዲስ አበባ ነዋሪዎች የምንጠይቀው በእግር የሚደረስበት መናፈሻ ነው። ጨቅላ ያዘለች እናት ታክሲ ሳትሳፈር፣ ምርኩዝ የያዙ አዛውንት ሳይደክማቸው፣ የሰባት ዓመት ልጅ አስፋልት ሳያቋርጥ የሚደርስበት፤ በሩ ላይ ትኬት የማይቆረጥበት፤ ሣሩ ላይ የተቀመጠን ሰው ዘበኛ የማያስነሳበት። ከየትኛውም ቤት በአሥር ደቂቃ የእግር መንገድ እንዲህ ያለ ቦታ እስኪገኝ ድረስ አናርፍም።

ባለፉት ዓመታት ትልልቅ ፓርኮች ተከፍተዋል። አንድነት ፓርክ በ2012 ዓ.ም.፣ እንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. በራቸውን ከፍተዋል፤ ወዳጅነት ፓርክም አለ። ውበታቸውን አንክድም፤ ከተማዋ ከፈለገች ምን መሥራት እንደምትችል አሳይተዋል። ነገር ግን ከከተማዋ ዳር፣ ከቱሉ ዲምቱ ወይም ከጀሞ አምስት ቤተሰብ ይዞ ለሚነሳ የቀን ሠራተኛ የትራንስፖርቱ ወጪ ብቻ ጉዞውን የዓመት በዓል ብቻ ያደርገዋል። ሰው ደግሞ ጥላ የሚያስፈልገው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላም ነው።

ኮንዶሚኒየሞቻችንን እንመልከት። በሕንጻዎቹ መካከል የተተወው ቦታ ቀስ በቀስ የመኪና ማቆሚያ ሆኗል። ልጆች ኳስ የሚጫወቱት በቆሙ መኪኖች መሐል ነው፤ መስታወት በተሰበረ ቁጥር ይባረራሉ። ሰው ሲሞት የለቅሶ ድንኳን የሚተከለው መንገድ ተዘግቶ ነው። አንድ ሰፈር ሐዘኑን የሚቀመጥበትና ልጆቹን የሚያሯሩጥበት የጋራ መሬት ካጣ፣ ጎረቤት የሚተዋወቀው በደረጃ ላይ ሲተላለፍ ብቻ ይሆናል። ይህን ልንቀበለው አንችልም።

ክፍት ሜዳ ለከተማ ምን እንደሆነ ጃንሜዳ ያስተምረናል። ጥምቀትን የምናከብርበት፣ አገር አቋራጭ ሯጮች ለዓመታት የተፎካከሩበት ይህ ሜዳ በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ሲገባ መጨናነቅን ለመቀነስ የአትክልት ተራ ገበያ ማረፊያ ሆነ። ሜዳው ባይኖር ያ ሁሉ ሕዝብ የት ይሄድ ነበር? ገበያው ተነስቶ ለ2013ቱ ጥምቀት ሜዳው እንዲጸዳ ከየአቅጣጫው የተሰማው ጥያቄም ሕዝቡ ለዚህ መሬት ያለውን ፍቅር አሳይቷል። ሕንጻ ያልቆመበትን መሬት ሁሉ ሥራ ፈት አድርጎ የሚያይ የፕላን አስተሳሰብ ይብቃ።

ስለ ዛፍም አቋም አለን። ከተማዋ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ ማገዶና የቤት መሥሪያ እንጨት ፍለጋ በዙሪያዋ የነበረውን ጽድና ወይራ አመናመነው፤ አፄ ምኒልክ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከማሰብ ደርሰው ነበር። ከተማዋን ያቆያት ባሕር ዛፍ ነው። ቶሎ ያድጋል፣ ሲቆረጥም ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ባለውለታችን ነው፤ ግን ውሃ ይጠጣል፣ ከሥሩም ሌላ ተክል እምብዛም አያስበቅልም። ስለዚህ የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል አገር በቀል ዛፎችን መልሶ ለማልማት የሚያደርገውን ሥራ እንደግፋለን። በየሰፈራችን መናፈሻ የምንፈልገው ጽድ፣ ወይራ፣ ኮሶ፣ ዝግባና ብሳና ነው። ዛፎቹ ለዚህ አየር እንደሚስማሙ የሚጠራጠር ካለ ወደ አሮጌ አድባራት ቅጥር ገብቶ ቀና ብሎ ይመልከት።

እዚህ ላይ የእንጦጦን ቁልቁለት ጀርባቸው እስኪጎብጥ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱትን እናቶች አንዘነጋም። ባሕር ዛፉ ለአገር በቀሉ ቦታ ለቆ ሲነሳ እንጀራቸውም አብሮ ሊነሳ ነው። አገር በቀል ችግኝ የማፍላቱም የመናፈሻው ሥራም በቋሚ ደመወዝ አስቀድሞ ለእነሱ ይሰጥ።

ከሁሉ የሚቆጨን የወንዞቻችን ነገር ነው። ቀበና፣ ግንፍሌ፣ ባንተ ይቀጡ፣ ትንሹና ትልቁ አቃቂ ሀብታምና ድሃ ሳይለዩ ሰፈር ለሰፈር ያልፋሉ። ለመናፈሻ የሚሆን መስመር ተፈጥሮ ራሷ አስምራልናለች፤ እኛ ግን የመጸዳጃ ፍሳሽና የፋብሪካ ዝቃጭ ለቀቅንበት። በዚያው ውሃ የለማ ጎመንና ሰላጣ ተመልሶ ማዕዳችን ላይ ይቀርባል። በ2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የሸገር ወንዞች ዳርቻ ፕሮጀክት 56 ኪሎ ሜትር እንደሚሸፍን ተነግሮ ነበር። ሐሳቡን ወደነዋል፤ አሁንም እንወደዋለን። ጥያቄያችን ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ሽታው አፍንጫ የሚያስይዝ ወንዝ ዳር የተነጠፈ ድንጋይ ማንንም አያሳርፍም፤ አስቀድሞ ውሃው ይጽዳ፣ ፍሳሽ የሚለቅ ተቋም ይጠየቅ። በወንዙ ዳር ለዘመናት የኖረውም ሰው መናፈሻው ሲሠራ የመጀመሪያው ተጠቃሚ ይሁን። ሰፈርተኛውን ሩቅ ወስዶ ካሰፈረ በኋላ የሚሠራ መናፈሻ ለማን ነው?

ማን ይጠብቀዋል ለሚሉን መልስ አለን፤ እድር። የሟችን ቤተሰብ ሳያጓድል የሚያስተዛዝን፣ ወንበርና ድንኳን ቆጥሮ የሚያስቀምጥ፣ ያጓደለን የሚቀጣ ማኅበር አንድ መናፈሻ መጠበቅ አያቅተውም። መሬቱ የሕዝብ ሆኖ ይመዝገብ፣ አስተዳደሩ ውሃ፣ መብራትና የጽዳት በጀት ይመድብ፣ ጥበቃውን እድሩ፣ ወጣቱና የሰፈሩ ትምህርት ቤት ይያዙት። ንጹሕ መጸዳጃ ቤት የግድ ነው፤ ያለ እሱ እናቶችና አረጋውያን አይመጡም። ሲመሽ መብራት ይኑር፣ ሴት ልጅ ሳትፈራ ታቋርጠው። ለሠርግ ፎቶ የሚከራይ ጥግ ከተፈለገም ይኑር፤ የሰፈሩን ልጆች ግን ቅዳሜና እሑድ አያስወጣ። ችግኝ የተከለ ሁሉ ደግሞ በጋውን ውሃ ያጠጣ፤ በክረምት ፎቶ ተነስቶ በጥር የሚረሳን ተከላ እንደ ሥራ አንቆጥርም።

ሥራችንን በዚህ ወር እንጀምራለን። በየሰፈራችን በእግራችን ዞረን ክፍት የሆነውን መሬት ሁሉ እንመዘግባለን፦ የት እንዳለ፣ ስፋቱን፣ አሁን ለምን እንደዋለ፣ ስንት ዛፍ እንዳለበት። ዝርዝሩን በእድሩ ስብሰባ ላይ እናነባለን፤ ከመካከሉ አንዱን መርጠን፣ ደብዳቤ ጽፈን፣ የእድሩን ማኅተም አሳርፈን ወደ ወረዳው እንወስዳለን። የገቢ ቁጥር እንቀበላለን። መልስ ከዘገየ ተመልሰን እንሄዳለን፤ ለሦስተኛ ጊዜ መሄድ ካስፈለገም ልጆቻችንን ይዘን።