ቃል ሲረዝም ዕውቀት ይረዝማልን?

በዛሬው ጊዜ በተማሪው ዘንድ ሥር የሰደደ አንድ ልማድ ይታያል። ይኸውም ረጅም የባዕድ ቃል በተነገረ ጊዜ ትርጉሙን ከመጠየቅ ይልቅ ራስን ነቅንቆ ማለፍ ነው። ቃሉ በረዘመ መጠን ተናጋሪው ሊቅ መስሎ ይታያል፤ ትርጉሙን የሚጠይቀው ግን እንደ መኃይም ይቆጠራል። እኛ ይህ ልማድ ለትምህርትም ለአገርም የሚበጅ አይደለም እንላለን። ምክንያታችንንም ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ተማሪዎች በትዕግሥት እንዲመለከቱልን እንለምናለን።

በመጀመሪያ እነዚህ ቃላት ከየት እንደ መጡ እንመልከት። በሕክምናና በተፈጥሮ ሳይንስ መጻሕፍት ውስጥ ምላስ ከሚያስሩት ቃላት እጅግ ብዙዎቹ ከግሪክኛ የተወሰዱ ናቸው። ግሪኮች ቃልን ከቃል እየገጠሙ ማስረዘም ያውቁበታል። አሪስቶፋኒስ የተባለው የቀልድ ተውኔት ደራሲ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ391 ዓመት ገደማ፣ ስለ ሴቶች ሸንጎ በጻፈው ተውኔት ውስጥ፣ በግሪክ ፊደል 171 ሆሄያት ያሉት አንድ ቃል አስገብቷል። ታዲያ ይህ ቃል የፍልስፍና ምሥጢር ነውን? አይደለም፤ የምግብ ስም ነው! ዓሣው፣ ማሩ፣ ርግቡና ጥንቸሉ በአንድነት እንደ ተቀላቀሉ ስማቸውም በአንድ ቃል ተቀላቅሎ ተመልካቹን እንዲያስቅ የተደረገ ነው። እንግዲህ ባለቤቶቹ የሳቁበትን ርዝመት እኛ የምንፈራው ስለ ምንድን ነው?

የግሪክኛው ረጅም ቃል ሲፈታ ከውስጡ የሚወጣው የቤትና የገበያ ቃል ነው። ለምሳሌ ከጣና ሐይቅ በስተሰሜን በደምቢያ ሜዳ ያለችውን ቆላ ድባን እንውሰድ። የቆላ ድባ ሰው ወባን ከመጽሐፍ አልተማራትም፤ ከአያት ከቅድመ አያቱ ጀምሮ ያውቃታል። ወባን የምታስተላልፈውን ትንኝ መጽሐፋችን «አኖፌለስ» ይላታል። እ.ኤ.አ. በ1818 ማይገን የተባለ ጀርመናዊ ሊቅ ይህን ስም ሲያወጣላት ከግሪክኛ የወሰደው «የማትጠቅም፣ የማትረባ» የሚለውን ተራ ቃል ነው። አንዲት የቆላ ድባ እናት ይህን ብትሰማ «ስሟንስ አገኘችው!» ባለች ነበር። «ኤፒዴሚክ» ማለትም «በሕዝብ ላይ ያለ» ማለት ነው። በውሃ ውስጥ የሚገቡትን ልጆች የሚይዘው ቢልሃርዚያ በመጽሐፍ ስሙ «ስኪስቶሶሚያሲስ» ይባላል፤ እርሱም «ስንጥቅ» እና «አካል» ከሚሉ ሁለት ቃላት የተሠራ ነው። ሌላ ምሥጢር የለበትም።

ርዝመት ብቻውን የሚያስፈራ ቢሆን ኖሮ አማርኛችንም ባስፈራን ነበር። «ስኪስቶሶሚያሲስ» በእኛ ፊደል ሲጻፍ 9 ፊደል ነው። «ስላላስረዳናቸውም» የሚለው ቃል ግን 10 ፊደል ነው። ሆኖም የደምቢያ እረኛ ይህን ቃል ሲናገር አይደናቀፍም፤ ምክንያቱ፣ አፍራሹ፣ አድራጊውና ተደራጊው በቃሉ ውስጥ የት የት እንደ ተቀመጡ ጆሮው ያውቃልና። ስለዚህ የሚያስቸግረው ርዝመቱ ሳይሆን ብልቱ አለመለየቱ ነው። የቅርጫ በሬ እንኳ ብልት በብልት ካልወጣ ለማንም አይደርስም።

ደግሞም ግሪክኛ ለአገራችን ትላንት የመጣ እንግዳ አይደለም። ንጉሥ ኢዛና በ4ኛው መቶ ዓመት በአክሱም በድንጋይ ላይ ሲያስጽፍ በግዕዝ ብቻ ሳይሆን በግሪክኛም አስጽፏል። ፩፣ ፪፣ ፫፣ ፬ ብለን የምንጽፋቸው ቁጥሮች ከአልፋ፣ ከቤታ፣ ከጋማና ከዴልታ የመነጩ ናቸው። ወንጌል፣ ጳጳስና ዲያቆን የሚሉት ቃላት መነሻቸው ግሪክኛ ነው። ጠረጴዛም እንዲሁ። ጳጉሜ ማለት «የተጨመረች» ማለት ነው። በየወሩ በ23 ጊዮርጊስን የሚዘክረው ገበሬ የስሙ ትርጓሜ ራሱ «ገበሬ» መሆኑን ቢነግሩት ምንኛ ደስ ባለው! የዚህ ስም መነሻ የሆነችው «ምድር» የምትለው አጭር የግሪክ ቃል ጂኦግራፊና ጂኦሎጂ በሚሉት ቃላት ራስ ላይም ተቀምጣለች። እንግዲህ ሕዝባችን የባዕድ ቃል ጠላት ሆኖ አያውቅም፤ የገባውን ቃል ተቀብሎ የራሱ ያደርጋል።

በዚህ ጊዜ «የባዕዱን ቃል ሁሉ አስወጥተን በግዕዝ እንተካ» የሚሉ ወንድሞች ይነሣሉ። ሊቃውንት ደክመውበት በ1989 ዓ.ም. የታተመው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት ትልቅ ሥራ መሆኑን እኛም እንመሰክራለን። ባዮሎጂን ሥነ ሕይወት፣ ጂኦግራፊን መልክአ ምድር ማለት መልካም ነው። ነገር ግን ግዕዙም ቢሆን ካልተተረጎመ ያው የተዘጋ በር ነው። አንዱን የተዘጋ በር በሌላ በር መለወጥ ቤቱን አያስገባም። በሌላ ወገን ደግሞ «የሳይንስ ቃል ለዓለም ሁሉ አንድ መሆን አለበት» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ የጎንደር ሐኪምና የአቴና ሐኪም በአንድ ቃል መግባባት አለባቸው። ይሁን እንጂ የጎንደር ሐኪም አስቀድሞ ከቆላ ድባ በሽተኛ ጋር መግባባት ይገባዋል።

ዋናው ጉዳያችን እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 የደምቢያን ሕዝብ የወባ ወረርሽኝ ፈጀው። በማግሥቱ ዓመት በጎንደር የጤና ጥበቃ ኮሌጅ ተከፈተ፤ የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሥሩ ይህ ኮሌጅ ነው። ስለዚህ በዚያ የሚሰጠው ትምህርት የዚያ ሕዝብ ዕዳ አለበት ብንል ስሕተት አይሆንም። ዕዳውም የሚከፈለው በመድኃኒት ብቻ አይደለም። መድኃኒቱን ስለ ምን እስከ መጨረሻው መዋጥ እንዳለበት ያልተረዳ በሽተኛ ትኩሳቱ ሲተወው ክኒኑን ለሌላ ቀን ያስቀምጠዋል። አጎበሩ ስለ ምን እንደ ተሰጠው ያልተነገረው ሰውም እህል ቢያሰጣበት ሊፈረድበት አይገባም። ጥፋቱ ሁሉ የእርሱ አይደለም፤ «ስላላስረዳናቸውም» የምትለው ባለ 10 ፊደል ቃል በዚህ ቦታ ትገባለች።

ተራው ሰው የሚያውቀው ነገር ለሳይንስ አይጠቅምም የሚል ቢኖር እንዶድን ያስታውስ። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በዓድዋ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ቦታ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉት እነዚያ ቀንድ አውጣዎች ነበሩ። ከዚህ የተነሣው ምርምር እ.ኤ.አ. በ1989 የዓለም ሽልማት አስገኘለት። የእንዶድ የሳይንስ ስም «ፊቶላካ ዶዴካንድራ» ነው፤ ሁለተኛው ቃል ሲፈታ «ዐሥራ ሁለት ወንድ» ማለት ሲሆን የአበባውን ወንዴ ዘንጎች ቁጥር ያመለክታል። ዶዴካንድራን ብቻ በቃሉ የያዘ ተማሪ ፈተናውን ያልፍ ይሆናል። እንዶድን የሚያውቁትን ሴቶች የተመለከተው ሊቅ ግን ለዓለም አዲስ ነገር አበረከተ።

ስለዚህ ሦስት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ መምህራኖቻችን አዲስ ረጅም ቃል በሰሌዳ ላይ በጻፉ ጊዜ ብልቱን ለይተው እንዲያሳዩን፤ ሦስት ደቂቃ አይፈጅም። ሁለተኛ፣ የተማሪዎች ማኅበራችን በዚህ መጽሔት ውስጥ አንድ ገጽ ለቃላት ፍቺ እንዲሰጥ፤ እኛ የቋንቋና የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ገጹን ለመሙላት ዝግጁ ነን። ሦስተኛ፣ ለመስክ ልምምድ ወደ ቆላ ድባም ሆነ ወደ ሌላ የጣና ዳር ቀበሌ የሚወጡ የጤና ተማሪዎች ሕዝቡ ለበሽታው፣ ለሣሩና ለነፍሳቱ ያወጣቸውን ስሞች በደብተራቸው መዝግበው እንዲመለሱ።

የተማረ ሰው የሚለየው ረጅም ቃል በማወቁ አይደለም፤ ረጅሙን ቃል አሳጥሮ ለእናቱ መንገር በመቻሉ ነው። ይህን ማድረግ የተሳነው ትምህርት ገና አላለቀም። ወንድሞችና እኅቶች፣ እንጠይቅ!