ለፖርት የተሠራችው መርፌ

በዛሬው ዓምዳችን የምንነጋገረው ስለ አንዲት መርፌ ነው። «ስለ መርፌ ደግሞ ምን ይወራል?» ትሉ ይሆናል። ነገር ግን ባለቤታችሁ በካንሰር ምክንያት ደረታቸው ላይ ፖርት ተቀብሮላቸው ከሆነ፣ ይህችን መርፌ ለይቶ ማወቅ የነርሷ ብቻ ሳይሆን የእናንተም ድርሻ ነው።

ፖርት ማለት በአነስተኛ ቀዶ ጥገና ከቆዳ ሥር የሚቀመጥ ትንሽ ዕቃ ነው። ከእርሱ የሚነሣው ቀጭን ቱቦ ልብ አጠገብ ወዳለው ትልቅ የደም ሥር ይዘልቃል። ኪሞቴራፒ ደጋግሞ የሚወስድ ሰው የክንዱ የደም ሥሮች እየደነደኑ ስለሚሄዱ፣ መድኃኒቱ በፖርቱ በኩል ይሰጠዋል።

የፖርቱ ክዳን ወፍራም ሲሊኮን ነው። መርፌ ሲገባ ያሳልፋል፣ ሲወጣ መልሶ ይገጥማል። ተራ መርፌ ግን ይጎዳዋል። በቀጭን ቱቦ ሊጥ ብትወጉ ቁራጭ ሊጥ ቱቦው ውስጥ ይቀር የለም? ተራውም መርፌ እንዲሁ ከሲሊኮኑ ቅንጣት ቆርጦ ያወጣል። ይህ ሲደጋገም ክዳኑ ማፍሰስ ይጀምራል፤ ቅንጣቱም መስመሩን ሊዘጋ ይችላል። ሁበር የምትባለው መርፌ ግን ጫፏ ጠመም ያለ፣ አፏም ወደ ጎን የዞረ ስለሆነ ሲሊኮኑን ሰንጥቃ ታልፋለች እንጂ አትቆርጠውም። በእርሷ ከሆነ አንድ ፖርት አንድ ሺህ ጊዜና ከዚያም በላይ ሊወጋ ይችላል። የሚገርመው፣ መርፌዋን እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ያወጣት ራልፍ ሁበር በአሜሪካ የሲያትል ከተማ የጥርስ ሐኪም ነበር። ፖርት የሚባለው ነገር በሥራ ላይ የዋለው ከዚያ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በ1980ዎቹ ነው።

መርፌዋ በውፍረትም በርዝመትም ትለያያለች። ርዝመቷ ከሁለት ሳንቲ ሜትር ገደማ እስከ አራት ሳንቲ ሜትር የሚጠጋ ነው። አጭር ከሆነች የፖርቱን ወለል አትነካም፤ ከረዘመች ደግሞ ከቆዳው በላይ ተርፋ ትወዛወዛለች። ስለዚህ ለባለቤታችሁ የምትስማማውን ቁጥር ከሆስፒታሉ ጠይቃችሁ ጻፉ።

ነርሷ ጓንትና የአፍ መሸፈኛ አድርጋ፣ ቆዳውን አጽድታ መርፌዋን ካስገባች በኋላ በመጀመሪያ ደም ስባ ታያለች። ደም ካልመጣ ምክንያቱ ሳይታወቅ ኪሞቴራፒ አይሰጥም፤ አንዳንዱ መድኃኒት ከመስመሩ ወጥቶ ሥጋ ውስጥ ቢፈስ ሥጋውን ያቆስላልና። እዚህ ላይ የእኛ ሰው ይሉኝታ ያስቸግራል። እያቃጠለው «ምንም አይደለም፣ እችለዋለሁ» ይላል! እኅቴ፣ ባለቤትሽ ፊቱን ሲያጨማድድ ካየሽ ወይም ቦታው ሲያብጥ ከተመለከትሽ ወዲያው ነርሷን ጥሪ። ባልም ለሚስቱ እንዲሁ ያድርግ። መድኃኒቱ በዚያው ቅጽበት መቆም አለበት።

አንዳንድ ጊዜ መርፌዋ በፕላስተር ተሸፍና ለቀናት ትቆያለች። ከሰባት ቀን በላይ ግን አትቆይም፤ መለወጥ አለባት። በእነዚህ ቀናት ፕላስተሩ እንዳይረጥብ፣ ሕፃን ልጅም ሲታቀፍ እንዳይስበው ጠብቁ። ሊጠይቅና ሊጸልይ የሚመጣ ወገን አጥብቆ ያቅፋልና በዚያኛው ጎን እንዲሆን ብትነግሩት ቅር አይለውም።

በተለይ ሕንድ ወይም ታይላንድ ታክማችሁ የምትመለሱ፣ አንድ ነገር አስቡበት። ፖርቱ ሥራ ላይ ባይሆንም እንዳይዘጋ በየጊዜው፣ ብዙውን ጊዜ በየወሩ ገደማ፣ ይታጠባል፤ ለዚያም መርፌዋ ታስፈልጋለች። ከመነሣታችሁ በፊት በየስንት ጊዜው እንደሚታጠብ ሐኪሙን ጠይቁ፤ ለተወሰኑ ወራት የሚበቃ መርፌም ያዙ። የፖርቱን ካርድ ከፓስፖርታችሁ ጋር አኑሩት። ማንም ባለሙያ «ይኼኛውም ይሠራል» ብሎ ተራ መርፌ ቢያነሣ፣ በትሕትና ግን በቁርጥ እንቢ በሉ። ከታጠበ በኋላ ብርድ ብርድ ብሎ ትኩሳት ከመጣ ደግሞ እስኪነጋ አትጠብቁ፤ በዚያው ሌሊት ወደ ሆስፒታል ሂዱ፣ በር ላይ ለሚቀበላችሁም ሐኪም ፖርት መኖሩን አስቀድማችሁ ንገሩት።