የመኪናና የመንገድ ዓምድ፦ የኋላ ጎማ ሲንሸራተት

በዚህ እትም ስለ አንድ አሮጌ መኪናና በእርሱ ምክንያት በአንድ ቤት ስለተነሣ ክርክር እናወጋችኋለን። መኪናውም ክርክሩም የአሚሻቭ ናቸው።

በሰፈራችን የሚኖር አንድ ወጣት ከሠራዊት ከተሰናበተ በኋላ ሠርቶ ባጠራቀመው ገንዘብ እ.ኤ.አ. በ1969 የተሠራ ፎርድ ሙስታንግ ገዛ። ይህ መኪና አሜሪካኖች «የጡንቻ መኪና» ከሚሏቸው አንዱ ነው። ባለ ስምንት ሲሊንደሩ ከባድ ሞተር ከፊት ተቀምጦ ኃይሉ ወደ ኋላ ጎማዎች ይሄዳል። ዕድሜው ከ30 ዓመት ስላለፈ እዚህ አገር «ሬኼቭ አስፋኑት» ተብሎ ይመዘገባል። ልጁ በየዓርቡ ያጥበዋል፤ ሕፃናትም ከበው ያዩታል።

ታዲያ የዓመቱ የመጀመሪያ ዝናብ፣ እዚህ «ዮሬ» የሚሉት፣ በጣለበት ቀን ልጁ ከመታጠፊያ ላይ ነዳጅ ሰጥቶ ሲነሣ የመኪናው ኋላ ወደ ጎን ሄደና ከእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ጋር ተላተመ። በዚያ ጠርዝ ላይ፣ ከአምስት እርምጃ በማይበልጥ ርቀት፣ አንዲት እናት ሁለት ልጆቿን ይዛ አውቶቡስ ትጠብቅ ነበር። ማንም አልተጎዳም፤ የተጎዳው ቸርኬው ብቻ ነው። ነገር ግን እናቱ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰዳቸውም። አባቱም «ሽጠው!» አሉ።

ልጁ ግን መፍትሔ አለው። አንድ ጋራዥ «ዲፈረንሻሉን ለውጥ፣ ከዚያ በኋላ አይንሸራተትም» ብሎታል። ዋጋው ብዙ ሺህ ሰቅል ነው። በዚህ ላይ አባትና ልጅ መነጋገር ስላቆሙ እኛ ለሽምግልና ተጠራን። ቡናውን ጠጥተን ስናበቃ ወደ መኪናው ወረድን። በመኪና ሥር ተኝተን ስናስታርቅ ይህ የመጀመሪያችን ነው።

አባትየው በጎንደር በኩል የጭነት መኪና ሾፌር የነበሩ ሰው ናቸው። በክረምት ዋልካ አፈር ላይ ባዶ መኪና ከተጫነ መኪና ይልቅ እንደሚያስቸግር ያውቃሉ። ረዳቱ ወርዶ ድንጋይና ቅጠል ከጎማው ሥር ይጎዘጉዛል፣ ካልሆነም በኋላ ጎማዎች ላይ ካቴና ይታሰራል። የአዲስ አበባን ሰማያዊና ነጭ ላዳ ታክሲዎች የምታስታውሱም እነርሱም በኋላ ጎማ የሚገፉ ነበሩ። ስለዚህ አባትየው «ሁለት ከረጢት አሸዋ ከኋላ ጫንበት፣ ልጄ፣ ዲፈረንሻል ምን ያደርግልሃል?» አሉት። ልጁ ሳቀ።

እኛ አልሳቅንም። የሙስታንጉ ክብደት ከግማሽ በላይ የሚያርፈው በፊት ጎማዎች ላይ ነው፤ የሚገፉት ግን ክብደቱ የሚያንስባቸው የኋላዎቹ ናቸው። ክብደት ሲጨመርባቸው መሬቱን የበለጠ ይይዛሉ። ነገር ግን ጎንደር ጭቃ ነው፣ ፔታህ ቲክቫ አስፋልት ነው። እዚህ መታጠፊያ ላይ የከበደ ኋላ አንዴ መንሸራተት ከጀመረ እንደ ወንጭፍ ይወረወራል፤ ያልታሰረ ከረጢትም ድንገት ፍሬን ሲያዝ ወደ ፊት ይመጣል። አባትየው ከነገሩ ግማሹን አግኝተውታል ማለት ነው።

ቀጥሎ ጎማዎቹን አየን። ጥርሳቸው አዲስ ይመስላል። በጎኑ ላይ ግን ከ«ዶት» ቀጥሎ ካለው ጽሑፍ መጨረሻ 3411 የሚል ቁጥር አገኘን፦ በ2011 በ34ኛው ሳምንት የተሠራ ጎማ ነው ማለት ነው። ሻጩ «ጎማው አዲስ ነው» ብሎት ነበር። ባይነዳበትም ጎማ በፀሐይና በአየር ይደርቃል፤ ጥፍራችንን ብንጫነው እንደ ደረቀ ቆዳ አልገባም አለ። እያንዳንዱ ጎማ መሬት የሚነካበት ስፍራ የሰው መዳፍ ያህል ብቻ ነው። ያ መዳፍ ለስላሳ ካልሆነ ሞተሩ የቱንም ያህል ቢበረታ ትርፉ መሽከርከር ነው። በዚህ ላይ በጋውን ሙሉ አስፋልቱ ላይ የተጠራቀመው ዘይትና አቧራ በመጀመሪያው ዝናብ እንደ ሳሙና ይሆናል። ደግሞም ጎማው ከሚገባው በላይ ተነፍቶ ነበር፤ እንዲህ ሲሆን መሃሉ ብቻ መሬት ይነካል። ንፋስ የሚለካው ጎማው ሳይሞቅ፣ ጠዋት ነው።

ወደ ዲፈረንሻሉ እንምጣ፤ ክርክሩ ያለው እዚያ ነው። መኪና ሲታጠፍ የውጭው ጎማ ከውስጡ ጎማ የበለጠ መንገድ ስለሚሄድ፣ ሁለቱ በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚያደርገው ዲፈረንሻል ነው። ተራው ዓይነት ለሁለቱም እኩል ጉልበት ይሰጣል። እንግዲህ አንዱ ጎማ ዘይት ላይ ቆሞ በከንቱ ሲሽከረከር ጉልበት አይፈልግም፤ ሌላውም፣ ደረቅ መሬት ላይ ቢሆን እንኳ፣ ያንኑ ትንሽ ጉልበት ብቻ ያገኛል። ጄኔራል ሞተርስ «ፖዚትራክሽን» ብሎ የሸጠውና የመሳሰሉት ግን በውስጣቸው እንደ ፍሪሲዮን ያሉ ዲስኮች ስላሏቸው ሁለቱን ጎማዎች በከፊል ያስተሳስራሉ። ቀጥ ባለ ደረቅ መንገድ ላይ ጥቅማቸው እውነት ነው። በርጥብ መታጠፊያ ላይ ግን ሁለቱ ጎማዎች አብረው ይለቃሉ፤ ያን ጊዜ ኋላው ከበፊቱ ፈጥኖ ይሄዳል። ለዚህ ልጅ፣ ለዚያ ቀን፣ ዕቃው ሊያባብስበት ይችል ነበር። ጋራዡ ይህን አልነገረውም።

የኋላውን ባሌስትራም አየነው። ነዳጅ ሲሰጥ አክሱሉ ባሌስትራውን ስለሚጠመዝዘው ጎማው እየዘለለ መሬት ይለቃል። ለዚህ አሜሪካኖች ከባሌስትራው ሥር የሚያስሩት ብረት አላቸው። የልጁ ችግር ግን የላሉ ብሎኖችና ያለቁ ጎሚኒዎች ነበሩ፤ ዋጋቸውም ትንሽ ነው።

ዲፈረንሻልም ሆነ ሌላ የመኪናውን አሠራር የሚለውጥ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ሚስራድ ሃሪሹይን ጠይቁ። ያለ ፈቃድ የተለወጠ መኪና ቴስት ላይ ሊወድቅ ይችላል። አደጋ ቢደርስም ኢንሹራንሱ ሊከራከራችሁ ይችላል። ለሥራ በኋላ ጎማ የሚገፋ ቫን የምትነዱ ወላጆችም ይህን አስቡበት፦ ማታ ዕቃ አራግፋችሁ ባዶውን ስትመለሱ ኋላው ጠዋት እንደነበረው መሬት አይዝም።

ልጁ አራት አዳዲስ ጎማዎች ገዛ፤ ጎሚኒዎቹንም አስለወጠ። ወጪው ለዲፈረንሻሉ ከተጠየቀው በብዙ ያነሰ ነው። ዝናቡ በተመለሰ ዕለት አባትየው አጠገቡ ተቀመጡ። «በሁለተኛ ማርሽ ተነሣ፤ እግርህን እንቁላል የረገጥህ ያህል አድርገው» አሉት። ሁለተኛ ማርሽ ወደ ጎማው የሚደርሰውን ጉልበት ይቀንሳል። በዛሬ መኪኖች ኮምፒውተር የሚሠራውን በዚህ መኪና ውስጥ የሚሠራው የሹፌሩ እግር ብቻ ነው። መታጠፊያዋን ቀስ ብለው አለፏት፤ ፌርማታው ላይ ሰዎች ቆመው ነበር።

ልጁ ዲፈረንሻሉን አልተወውም፣ ገንዘቡን እያጠራቀመ ነው። አባትየውም «ሽጠው» ማለታቸውን አልተዉም፤ ግን አሁን የሚሉት መኪናው ውስጥ ተቀምጠው ነው። በሚቀጥለው እትማችን ስለ አሮጌ መኪና ፍሬን እንጽፋለን።