የባቢሎን ሕፃናት

አንዲት እህት የላከችልኝ ደብዳቤ ሁለት ጥያቄ ይዟል። አንደኛው፣ የየዕለቱን ዳዊት ትደግማለች፤ ቅዳሜ 136ኛው መዝሙር ላይ ስትደርስ ግን ምላሷ ይያዛል። የባቢሎንን ሕፃናት ድንጋይ ላይ የሚፈጠፍጥ ሰው ብፁዕ ተብሏላ! «ሕፃን ገዳይ እንዴት ይመሰገናል?» ትላለች። ሁለተኛው፣ «ለማንም አልረባም» የሚል ሐሳብ ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ ነስቷታል። እሷ ለየብቻ ነው የጻፈቻቸው፤ ለእኔ ግን መልሳቸው አንድ ነው።

መዝሙሩ የምርኮኞች ለቅሶ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ6ኛው መቶ ዓመት ናቡከደነፆር ኢየሩሳሌምን አፍርሶ ሕዝቡን ወደ ባቢሎን ነዳ። እነሱም የደረሰባቸው በጠላት ላይ እንዲደርስ ተመኙ። ይህን ምሬት ማለሳለስ አያስፈልግም።

ነገር ግን ከልደት በኋላ በ3ኛው መቶ ዓመት፣ አርጌንስ (ኦሪጀን) የተባለው የእስክንድርያ መምህር ቃሉን ወደ ውስጥ አዞረው። ባቢሎን ማለት መደበላለቅ ነው፤ ሕፃናቷም አሁን ገና በነፍስ ውስጥ የተወለዱ ክፉ ሐሳቦች ናቸው አለ። ድንጋዩ ደግሞ ጽኑው እውነት ነው። ሰውየው በኋላ ዘመን ተወግዟል፤ ትርጓሜው ግን አልሞተም።

እንግዲህ ቁም ነገሩ «ሕፃን» የሚለው ላይ ነው። ጓደኛሽ ጠዋት ታክሲ ተራ ላይ ሰላም ሳትልሽ አለፈች እንበል። «ምን ሆና ነው?» አልሽ። ይሄ እንቦቀቅላ ነው። ምሳ ሰዓት ላይ «ጠልታኝ ነው» ይልሻል፤ መዳህ ጀመረ ማለት ነው። ማታ ትራስሽ ላይ ጢም አውጥቶ «ድሮስ ማን ይወደኛል?» ሲል ታገኚዋለሽ። ጢም ካወጣ ሐሳብ ጋር በሌሊት መከራከር ደሞ ከንቱ ድካም ነው፤ አፉ ይበልጥሻል። ጠዋቱኑ እውነት ላይ አጋጪው፤ ደውለሽ ጠይቂያት። ምናልባት እኮ ጭራሽ አላየችሽም! «አልረባም» ለሚለውማ አንቺ ዳዊት ደጋሚ ነሽ፤ ሰው በእግዚአብሔር አርአያ ተፈጠረ የሚለው የዘፍጥረት 1 ቃል ከበቂ በላይ አለት ነው።

ሐሳቡ ስለመጣብሽ ግን ራስሽን አትኮንኚ። ሳይጠራ የመጣ እንግዳ ነው፤ የአንቺ ድርሻ ማሳደግ አለማሳደግ ነው።

በ6ኛው መቶ ዓመት ጣሊያናዊው ቤኔዲክቶስ ለመነኮሳቱ ሥርዓት ሲጽፍ ይህንኑ ትርጓሜ አስገባው። ክፉ ሐሳብ ሲመጣ ወዲያው ክርስቶስ ላይ አጋጩት፣ ለመንፈሳዊ አባትም ግለጡት ይላል። ሰው የሚዘለው ሁለተኛዋን ነው። ለብቻ መታገል ጀግንነት ይመስለናል መሰለኝ። እህቴ፣ ለእኔ በደብዳቤ የነገርሽኝን ለንስሐ አባትሽ ወይም ለምታምኛት ሰው በአካል ንገሪ። ሐሳቡ ራስን ወደ ማጥፋት ከዞረ ግን ቀጠሮ የለውም፤ ጸበል የሚያደርስሽ ሰው በዚያው ቀን ሐኪም ቤትም ያድርስሽ።