የፈተናው ውጤት ወደ ክፍል ይመለስ

ለወላጆች፣ ለመምህራን፣ ለትምህርት አመራሮችና ለቀድሞ ተማሪዎች የቀረበ ጥሪ

የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት በወጣ ቁጥር አገሩ ሁሉ አንድ ሳምንት ስለ ትምህርት ያወራል። በሬዲዮውም፣ በታክሲውም፣ በለቅሶ ቤቱም ጥያቄው አንድ ነው፤ ስንት አለፈ? አንድም ያላሳለፈው ትምህርት ቤት የቱ ነው? ሳምንቱ ያልቅና ሁሉም ወደየጉዳዩ ይመለሳል። መምህሩን ግን ጥያቄው ስብሰባ አዳራሽ ድረስ ይከተለዋል፦ «ለምን አላሳለፍክም?» ይህን የሚመልስበት ማስረጃ ግን በእጁ የለም። ተማሪዎቹ ምን ያህል እንዳገኙ ያውቃል፤ ምን እንዳልገባቸው የነገረው የለም።

እኛ መምህራን ፈተናው ይቅር አንልም። የምንጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ተማሪዎች የት የት እንደተሳሳቱ የሚያሳይ ዝርዝር ውጤት ወደ ትምህርት ቤታቸው ይመለስ። ሁለተኛ፣ ልጅ ማንበብ መቻል አለመቻሉ 12ኛ ክፍል ሲደርስ ሳይሆን ገና በታችኛው ክፍል ይታወቅ። ለሁለቱም ከእያንዳንዳችሁ የምንፈልገው ሥራ አለ፤ ከታች በየድርሻው ተዘርዝሯል።

ቁጥሩ የሚናገረውና የማይናገረው

ፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ የገባው ያለ ምክንያት አልነበረም። በግንቦት 2008 ዓ.ም. የእንግሊዝኛው ጥያቄ በማኅበራዊ ሚዲያ ተበትኖ ፈተናው ሲቋረጥ፣ ከሁሉ በላይ የተጎዳው ሲያጠና የከረመው ልጅ ነው። ከዚያ ወዲህም ኩረጃ የአደባባይ ምስጢር ሆኖ ቆይቷል። ስለዚህ ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች እንዲሰጥ ሲወሰን ብዙዎቻችን ደግፈናል፤ ዛሬም እንደግፋለን። ውጤቱ መራራ ቢሆንም እውነተኛ መሆኑ ይሻላል።

ከዚያ ዓመት 896,520 ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ 3.3 በመቶ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ሆነ። ጭማሪው ደስ ያሰኛል። ነገር ግን በ2017 ዓ.ም. ለፈተና የተቀመጡት 585,882 ናቸው፤ ከ2014ቱ በ310 ሺሕ ያነሱ ማለት ነው። ያለፉት 48,929 ተማሪዎች ለ2014ቱ ተፈታኝ ብዛት ቢካፈሉ የሚገኘው 8.4 ሳይሆን 5.5 በመቶ ገደማ ነው። የጎደሉትስ ልጆች የት ናቸው? ጦርነት ትምህርት ቤቱን የዘጋበት አለ፣ ተፈናቅሎ የቀረ አለ፣ ኑሮ ለሥራ ያስወጣው አለ። መቶኛው ስለ እነርሱ አይናገርም፤ የሚቆጥረው ወንበር ላይ የተገኘውን ብቻ ነው።

ሌላም ቁጥር አለ። በ2015 እና በ2016 ዓ.ም. አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች በየዓመቱ ከ1,300 በላይ ነበሩ። አንድ ትምህርት ቤት ቢሆን ርዕሰ መምህሩን መጠየቅ ያስኬዳል። ከሺሕ በላይ ትምህርት ቤቶች በአንድ ጊዜ ዜሮ ሲያስመዘግቡ ግን ነገሩን በመምህር ስንፍና ማስረዳት አይቻልም።

መምህሩን የሚያንገበግበው

በዓመቱ መጀመሪያ መምህሩ ዕቅድ ይሞላል። ቅጹ ላይ ስንት በመቶ ተማሪ እንደሚያሳልፍ ይጻፋል፤ ዝቅ አድርጎ የጻፈ «የማነሣሣት ችግር አለበት» ስለሚባል ብዙው 100 በመቶ ይላል። ክፍል ሲገባ ስልሳና ሰባ ልጅ ተጨናንቆ ይጠብቀዋል። በ2015 ዓ.ም. አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲጀመር መጽሐፉ ያልደረሳቸው ትምህርት ቤቶች ብዙ ነበሩ፤ ስልክ ያለው ተማሪ በስልኩ አነበበ፣ የሌለው ከጓደኛው ትከሻ በላይ አየ። ፈተናው ግን ስልክ ላለውም ለሌለውም አንድ ነው።

ቋንቋውም አለ። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱም ፈተናውም የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። የፊዚክስ መምህር ግማሹን ክፍለ ጊዜ ጥያቄውን በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ሲያብራራ ያልቅበታል። ሁለት ተማሪዎች አንድን ጥያቄ ሲስቱ አንዱ ፊዚክሱን ስላላወቀ፣ ሌላው የጥያቄውን እንግሊዝኛ ስላልተረዳ ሊሆን ይችላል። መድኃኒታቸው ለየቅል ነው፤ በውጤት ወረቀት ላይ ግን ሁለቱም ያው ናቸው።

ሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ሲገባ 12ኛ ክፍል ትምህርት ይቆምና ልምምድ ይጀመራል። ወርክሺት፣ ያለፉት ዓመታት ጥያቄ፣ ሞዴል ፈተና፣ የቅዳሜ ማጠናከሪያ። ሙከራ አይሠራም፤ ድርሰት አይጻፍም፤ ምርጫ ጥያቄ ላይ የማይመጣ ሁሉ «ጊዜ አይግደልብን» ይባላል። ወደ መምህርነት ያመጣን ሥራ ይህ አልነበረም።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የ11 ዓመት ዕዳ በአንድ ዓመት እንድንከፍል መጠየቃችን ነው። በ2002 ዓ.ም. በአገራችን በተካሄደ የታችኛ ክፍል የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ ያህሉ አንድም ቃል ማንበብ አልቻሉም። ምዘናው የተደረገውም በእንግሊዝኛ ሳይሆን በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ነበር። የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ፊደል የቆጠሩት በዚያው ዘመን ነው። ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ልጅ እንዳይወድቅ የሚያደርገው አሠራር ሐሳቡ መልካም ነበር፤ መምህሩ ልጁን በተከታታይ እየመዘነ፣ የዘገየውን እየደገፈ ያሳልፈው ነበር የተባለው። በተግባር ድጋፉ ቀረና ማለፉ ብቻ ተረፈ። ያላነበበው ልጅ 4ኛ ክፍል ገባ፤ ከዚያ ሚኒስትሪ ደረሰ፤ ከዚያ ማትሪክ። ከ50 በመቶ በታች ካመጡት የተወሰኑት ዩኒቨርሲቲ ገብተው ሪሜዲያል የሚባለውን የማካካሻ ትምህርት ይወስዳሉ። ድጋፉ ጥሩ ነው፤ የመጣው ግን ከ12 ዓመት በኋላ ነው። አባቶች «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» የሚሉት ለዚህ ነበር።

ጫናው ብቻውን የት እንደሚያደርስ

«መምህሩ ደሞዙና ዕድገቱ በተማሪው ውጤት ይታሰር፤ ያኔ ይሠራል» የሚሉ አሉ። ይህን የሚመስል ጫና ተሞክሯል። አሜሪካ በ2001 እ.ኤ.አ. ባወጣችው የትምህርት ሕግ ውጤታቸው የማይሻሻል ትምህርት ቤቶች ቅጣት እንዲከተላቸው ደነገገች። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት አትላንታ የሆነው ይታወቃል። የተማሪዎች ውጤት በድንገት አደገ፤ ከተማዋም ተሞገሰች። በ2011 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው የግዛቲቱ ምርመራ ግን 178 መምህራንና የትምህርት ቤት ኃላፊዎች በፈተና ማጭበርበር እጃቸው እንዳለበት አመለከተ፤ የተማሪን የተሳሳተ መልስ ላጲስ ይዘው ያርሙ ነበር። በ2015 እ.ኤ.አ. 11ዱ በፍርድ ቤት ጥፋተኛ ተባሉ። ሕጉም በዚያው ዓመት በሌላ ተተካ።

በኛ አገር ኩረጃን ከተማሪው እጅ ለማስጣል ብዙ ተደክሟል። የመምህሩን እንጀራ ከመቶኛው ጋር ብናስር ወደ መምህሩ እጅ እናሸጋግረዋለን።

ምን ይደረግ?

የትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት፦ የመልስ ወረቀቱን የሚያነበው ማሽን ነው። እያንዳንዱ ተማሪ ለእያንዳንዱ ጥያቄ «ሀ» ይበል «ለ» ተመዝግቧል። በኢንተርኔት የተፈተኑትማ መልሳቸው ከመነሻውም በኮምፒዩተር ነው። ስለዚህ የምንጠይቀው አዲስ ጥናት ሳይሆን ያለውን መረጃ ማካፈል ነው። ለእያንዳንዱ ትምህርት ቤት በየትምህርቱ አንድ ገጽ ይላክለት፤ በየክፍል ደረጃውና በየምዕራፉ ስንት በመቶ ተማሪ በትክክል መለሰ፣ ብዙዎቹ የሳቱት የትኛውን መርጠው ነው የሚል። የማንም ተማሪ ስም አያስፈልግም። ይህ ገጽ ከአዲሱ ዓመት ሁለተኛ ወር በፊት ቢደርሰን ዓመቱን የት ላይ እንደምናተኩር እናውቃለን።

ትምህርት ሚኒስቴር፦ የአላፊው መቶኛ ሲነገር አብሮ የሚነገር ነገር ይኑር። ከአራት ዓመት በፊት 9ኛ ክፍል ከተመዘገቡት ስንቶቹ ለፈተና ደረሱ? ዜሮ ያስመዘገቡት ትምህርት ቤቶች ስንት መጽሐፍ፣ ስንት የትምህርት ዓይነት መምህር ነበራቸው? ቁጥሩ ሙሉ ሲሆን ፍርዱም ሙሉ ይሆናል።

የክልል፣ የዞንና የወረዳ ትምህርት ቢሮዎች፦ የአላፊ መቶኛን ከመምህሩ የሥራ አፈጻጸም መመዘኛ አውጡ። በምትኩ መምህሩ የተማሪዎቹን ስሕተት መርምሮ ምን እንዳደረገበት ጠይቁት። ሱፐርቫይዘሮችም ሲመጡ ዶሴ ከማገላበጥ አልፈው የ2ኛና የ3ኛ ክፍል ልጆችን አስነብበው ይሂዱ።

የሥራ ባልደረቦቻችን መምህራን፦ ከላይ እስኪመጣ አንጠብቅ። ከሚቀጥለው ሞዴል ፈተና በኋላ ነጥቡን ሞልተን ወረቀቱን ከመመለሳችን በፊት በአንድ ገጽ ላይ ሠንጠረዥ እናስምር፤ ለእያንዳንዱ ጥያቄ ስንት ልጅ የትኛውን ፊደል መረጠ? የተሳሳተው ምርጫ ብዙ ይናገራል። ወደ ላይ የተወረወረ ድንጋይ ጫፍ ላይ ሲደርስ ያለበትን ኃይል ስንጠይቅ ብዙው ልጅ «ዜሮ» የሚለውን ከመረጠ፣ ድንጋዩ ጫፍ ላይ ለቅጽበት ሲቆም የመሬት ስበትም አብሮ የሚቆም መስሎታል ማለት ነው። ይህን ያወቀ መምህር ምዕራፉን በሙሉ አይደግምም፤ ያችን አንዲት ነገር ያስተምራል። ሥራው እስክሪብቶና የአንድ ከሰዓት በኋላ ጊዜ ይፈልጋል። ገጹን በጉድኝት ማዕከላችን ካሉ ትምህርት ቤቶች ጋር እንለዋወጥ፤ የአራት ትምህርት ቤት ስሕተት አንድ ከሆነ ችግሩ ከመጽሐፉ ወይም ከአቀራረባችን መሆኑን እንደርስበታለን።

ወላጆች፦ ውጤት እስኪወጣ አትጠብቁ። ዛሬ ማታ 3ኛ ክፍል ያለውን ልጃችሁን የቋንቋ መጽሐፉን አስከፍታችሁ አንድ ገጽ አስነብቡት፤ ከዚያ «ምን ይላል?» በሉት። ማንበብ የማትችሉ ከሆነ ጎረቤት ወይም ታላቅ እኅቱ ትስማው። ካላነበበ ወይም አንብቦ ካልገባው ሰኞ ጠዋት ትምህርት ቤት ሄዳችሁ መምህሩን አነጋግሩ። ለቁጣ አትሂዱ፤ ልጁ በምን እንደሚደገፍ፣ በየትኛው ክፍለ ጊዜ፣ በማን እንደሆነ ጠይቃችሁ ቀጠሮ ይዛችሁ ውጡ።

የቀድሞ ተማሪዎች፣ በውጭ ያላችሁም፦ ለተማራችሁበት ትምህርት ቤት አጥርና በር ለማሠራት ገንዘብ ስታዋጡ ኖራችኋል፤ እግዜር ይስጥልን። አሁን ደግሞ ለርዕሰ መምህሩ ደውላችሁ «ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ላሉ ልጆች የሚነበብ መጽሐፍ ስንት አላችሁ?» በሉ። የጎደለውን በልጆቹ የአፍ መፍቻ ቋንቋ የተጻፉ የተረትና የንባብ መጻሕፍት ሙሉ። የማትሪክ ውጤት የሚዘራው እዚያ ነው።

በስብሰባ ላይ የሚነበብ

ሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ከመጀመሩ በፊት በየትምህርት ቤቱ የወላጅ መምህር ኅብረት ስብሰባ ይደረጋል። ከታች ያለውን በእጃችሁ ገልብጣችሁ ያዙና እጅ አውጥታችሁ አንብቡት፦

«እኛ የዚህ ትምህርት ቤት ወላጆችና መምህራን፣ አንደኛ፣ ተማሪዎቻችን በአገር አቀፍ ፈተና በየትምህርቱና በየምዕራፉ ያስመዘገቡት ዝርዝር ውጤት ለትምህርት ቤታችን እንዲላክ ትምህርት ቤቱ በወረዳው በኩል በደብዳቤ እንዲጠይቅ፤ ሁለተኛ፣ በ2ኛና በ3ኛ ክፍል ያሉ ልጆች በሙሉ በዚህ ወር አንድ በአንድ እንዲያነቡ ተደርጎ ማንበብ ያልቻሉት ብዛት ለኅብረቱ እንዲነገር፤ ሦስተኛ፣ ላላነበቡት የድጋፍ ክፍለ ጊዜና ኃላፊ መምህር እንዲመደብ እንጠይቃለን።»

ንባቡ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ካነበባችሁ በኋላ ጥያቄው በቃለ ጉባኤ እንዲሰፍር፣ ደብዳቤው የሚወጣበት ቀንና የሚጽፈው ሰው እንዲወሰን ጠይቁ። በቀጣዩ ስብሰባ የመጀመሪያው አጀንዳ መልሱ ይሁን። መልስ ካልመጣ ደብዳቤውን ለዞኑ፣ ከዚያም ለክልሉ ቢሮ ግልባጭ አድርጉት። አንድ ትምህርት ቤት ሲጠይቅ ቅሬታ ይባላል፤ ሺሕ ትምህርት ቤቶች ያንኑ ደብዳቤ ሲልኩ ግን አሠራር ለመቀየር ያስገድዳል።