ስም የሌለው ተክል ቢጠፋ ማን ያውቅለታል?

ልጅዎ ከትምህርት ቤት ሲመለስ አንድ ቅጠል ይዞ «ይሄ ምንድን ነው?» ቢልዎ ምን ይመልሳሉ? ብዙዎቻችን «ቅጠል ነዋ!» ብለን እናልፋለን። የዚህ ወር ጨዋታችን ይህችን ጥያቄ ስላላለፉ ሰዎች ነው።

በፊሊፒንስ፣ በፓላዋን ደሴት ቪክቶሪያ የሚባል ተራራ አለ። እ.ኤ.አ. በ2000 ተራራውን ሊወጡ የሞከሩ ሁለት ሚስዮናውያን መንገድ ጠፍቷቸው ለቀናት ከተንከራተቱ በኋላ በሕይወት ተገኙ። ጆግ የሚመስል ትልቅ ተክል ማየታቸውንም ተናገሩ። ይህን የሰሙ የዕፅዋት ተመራማሪዎች በ2007 ተራራውን ወጡ፤ ወደ ጫፉ ሲቃረቡም አገኙት።

የቅጠሎቹ ጫፍ እንደ ጆግ ያለ ነው። ትልልቆቹ ቁመታቸው 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን ከአንድ ሊትር በላይ ፈሳሽ ይይዛሉ። አፋቸው ላይ ያረፈ ነፍሳት ተንሸራትቶ ይገባና ፈሳሹ ውስጥ ይሟሟል። ተክሉ ከተራራው ድሃ አፈር ያጣውን ምግብ የሚያሟላው በዚህ ነው።

ማግኘት ብቻውን ግን አይበቃም። ተመራማሪዎቹ ተክሉን ለኩ፣ ከዘመዶቹ ጋር አነጻጸሩ፣ ናሙናውን አድርቀው አስቀመጡ፤ በ2009ም መግለጫውን አሳተሙ። ያኔ በደንቡ መሠረት መግለጫው በላቲን መጻፍ ነበረበት። በተፈጥሮ ፊልሞቹ በሚታወቀው በዴቪድ አተንቦሮ ስምም «ኔፔንተስ አተንቦሮዪ» አሉት።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን? መዝገብ ላይ ያልሰፈረ ተክል ቢጠፋ ማንም አያውቅለትም፤ ሕግም አይጠብቀውም። ይህ ተክል ስም ስላገኘ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ተርታ ተመዝግቧል። መኖሪያው ጠባብ ነው፤ ለሽያጭ የሚነቅሉትም ያሰጉታል። አየሩ ቢሞቅ ደግሞ ከተራራ ጫፍ በላይ የሚሸሽበት ቦታ የለውም።

እኛም ቤት «እንደ ጅብራ ተገትረህ አትቁም!» እያልን ልጆቻችንን እንቆጣለን። ጅብራ በአገራችን ከፍተኛ ተራሮች ላይ የሚበቅል ተክል መሆኑን ግን ስንቶቻችን ነግረናቸዋል?

አዲስ አበባ ከሆኑ አንድ እሑድ ልጆችዎን ይዘው ወደ ጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል ብቅ ይበሉ። አያት ካሉም አብረው ይሂዱ፤ እርስዎ የረሱትን የዕፅዋት ስም እሳቸው ያስታውሱ ይሆናል። ሁላችሁም የማታውቁት ከገጠማችሁ ደግሞ «ቅጠል ነዋ!» አይበሉ። «አላውቀውም፤ እስቲ እንጠይቅ» ይበሉ። ተመራማሪዎቹም የጀመሩት ከዚሁ ነው።